ድስቱን ያነሳው እጅ

ወላይታ ሶዶ፣ ነሐሴ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ፣ ዛሬ ግን ባገኝህ ጆሮህን ለምጠመዝዘው ለታናሽ ወንድሜ ለሳሚ፤

ሰላምህን አልጠይቅህም፤ ሰላም እንደሌለህ ከገዛ አፍህ ሰምቻለሁ። ለእማ በስልክ የላክኸውን የድምፅ መልእክት ከፍ አድርጋ ስትከፍተው ጓዳ ነበርኩ። "ጊፋታ ሳይገባ መጥቼ ያንን የነጋዴ ልጅ እጨርሰዋለሁ። የወንድሜን ዓይን አጥፍቶ አዲስ ዓመት አያይም" አልክ። እማ ስልኩን ደረቷ ላይ አጣብቃ አለቀሰች። እኔ ስደውልልህ ደግሞ አታነሳም፤ ቁጥሬን ዘግተኸዋል። ስለዚህ የቤተ ክርስቲያናችን አገልጋይ ቃለሕይወት ለስብሰባ አንተ ወዳለህበት ጆሃንስበርግ ሲመጣ ይህን ደብዳቤ በእጅህ እንዲሰጥህ ቃል አስገብቼዋለሁ። ጽሑፌ ዶሮ የጫረችው ቢመስልህ አትሳቅ፤ ምክንያቱን እዚሁ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ አንብበህ ጨርስ፣ ትኬቱን ከዚያ በኋላ ትገዛለህ ወይም ትተወዋለህ።

አንተ ከላክኸው ቱቦ ልጀምር። ያ ቱቦ ሲደርስ ፈሪድ እንደ አራስ ልጅ በሁለት እጁ ነበር የተቀበለው። ፈሪድን ታውቀዋለህ፤ የባለጅምላ ሱቁ የአብዱሰመድ ልጅ ነው፣ ከእኔ ጋር ኤሌክትሮኒክስ ተምሮ ከአባቱ ሱቅ ጀርባ ያለችውን ክፍል ለጥገና ሥራችን ያስለቀቀልን። እዚያች ክፍል ውስጥ የምንሠራውን ደጋግሜ ነግሬህ ነበር። ነገር ግን ቀልደኛ ሰው የሚሰማው ግማሹን ነውና ልድገመው።

ፈሪድ አየሩ በተመጠጠ የብረት ዕቃ ውስጥ፣ ፀሐይ የምትነድበትን ዓይነት እሳት በትንሹ መሞከር ይፈልጋል። አተሞቹ መዋሃዳቸውን የሚመሰክረው ኒውትሮን ነው፤ ኒውትሮን ደግሞ አይታይም፣ አይሸትም፣ ስለዚህ የሚሰማው ጆሮ ያስፈልጋል። ጆሮውን የምሠራው እኔ ነኝ። ቱቦው አለ፣ ከቱቦው የሚወጣውን ጭል የምትል ምልክት የሚያጎላ ሰርኪት አለ፣ ጫፉ ላይ "ጧ" የምትል ትንሽ ስፒከር አለች። በባትሪ ነው የሚሠራው፤ በመብራት ስናደርገው ጎረቤታችን በያጁ ብረት በነካ ቁጥር ይጮህብን ነበር። ቱቦውን በወፍራም ሻማ እናለብሰዋለን፤ የሚሮጠው ኒውትሮን ሻማው ውስጥ ሲያልፍ ይረጋጋል፣ የተረጋጋውን ቱቦው ይይዘዋል። አንድ ክፉ አመል አለው፤ ከተነቀነቀ ይጮኻል። ጠረጴዛውን በክርንህ ብትገፋው "ጧ" ይልሃል። ይህን አመሉን ያዝልኝ።

ታላቅ ወንድማችን ባዳቾ ስለዚህ መሣሪያ የሰማው ሌላ ነው። ጣሊያን ሁምቦ ተራራ ሥር ቀበረው እያለ ስለሚቆፍርለት ወርቅ ስንት ዓመት እንዳበደ ታውቃለህ። ቅዳሜ ከሰዓት ሁለት የቁፋሮ ጓደኞቹን አስከትሎ ገባ። "ሳሚ ነግሮኛል። ወርቅ የሚያሸት መሣሪያ ሠርታችኋል" አለ። እንደቀለድክ ወዲያው ገባኝ፤ ስትስቅም ታየኝ። ግን ሳሚ፣ ባዳቾ መቼ ነው ቀልድ ገብቶት የሚያውቀው? ከእኔ በላይ አንተ አታውቀውም?

እኔ ጥግ ላይ በከሰል ምድጃ፣ ቱቦውን የምናለብሰውን ሻማ በድስት እያቀለጥኩ ነበር። ፈሪድ ከመቀመጫው ተነስቶ "ጋሽ ባዳቾ፣ ይሄ ወርቅን ከድንጋይ አይለይም። ቁጭ ይበሉና ላሳይዎት" አለው። ከሰዎቹ አንዱ የባዳቾን የጋብቻ ቀለበት አስወልቆ ጠረጴዛው ላይ ጣለና በመዳፉ መታው። ጧ፣ ጧ፣ ጧ!

"ሰማችሁ? ወርቁን አወቀው!"

"ጠረጴዛውን ስለመታኸው ነው!" ብዬ ጮህኩ። "ቀለበቱን አንሳና ምታው እስኪ!"

አንስቶ መታው። ጧ፣ ጧ!

"አየህ ባዳቾ፣ አሁን ሽታውን ለምዷል" አለ። ወደ እኔ ዞሮም "ዝም በይ አንቺ!" አለኝ።

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። መሣሪያውን ሊያነሱ ሲሉ ፈሪድ ቱቦውን ደረቱ ላይ አቀፈ። አንዱ በቡጢ አፉን አለው፤ ጥርሱ ወለሉ ላይ ሲንከባለል አይቻለሁ። ወድቆም ቱቦውን አልለቀቀም፤ ጎኑን በጫማ ረገጡት። ከዚያ አንስተው ጠረጴዛው ላይ ደፉትና ሁለቱ ሁለት እጁን ዘርግተው ያዙ።

"አሠራሩን ታስተምረናለህ?" አለ ባዳቾ።

"ወርቅ አያውቅም እኮ ነው የምልዎት፣ ጋሽ ባዳቾ።"

"እንግዲያው ለሌላም ሰው አትሠራም።"

የእኔን መዶሻ አነሳ። የፈሪድን ቀኝ እጅ ነው መጀመሪያ የመታው። አጥንቱ እንደ ደረቅ የበቆሎ አገዳ ቀሽ ሲል ሰምቻለሁ። መሣሪያው "ጧ" አለ። ደገመው፤ "ጧ"። ግራውን መታው፤ "ጧ"። ፈሪድ ይጮኻል፣ መሣሪያው ይጮኻል፣ ሰዎቹ ይስቃሉ። አባታችን ከሞተ ጀምሮ ያሳደገን፣ በየጊፋታው ከሥጋው የመጀመሪያውን ቁራጭ በዳጣ ነክሮ የሚያጎርሰኝ ወንድሜ፣ እጁን አራተኛ ጊዜ አነሳ።

አሁን ረጋ ብለህ አንብብ። ድስቱን ያነሳሁት እኔ ነኝ። መያዣ ጨርቅ አልፈለግኩም፤ በባዶ እጄ አንስቼ፣ ፊቱን አይቼ፣ ዓልሜ ነው የደፋሁበት። ባዳቾ እንደዚያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። ሻማው ፊቱ ላይ እየነጣ ሲረጋ በጥፍሩ ቧጠጠው፤ ቆዳው አብሮ መጣ። ቀኝ ዓይኑ ያኔ ነው የጠፋው። ጓደኞቹ መሣሪያውን ነጥቀው፣ እሱን እዚያው ትተውት ሮጡ። ባጃጅ አስቁሜ ሁለቱን አንድ ወንበር ላይ አስቀምጬ ሐኪም ቤት የወሰድኳቸውም እኔ ነኝ። መንገዱን ሁሉ ባዳቾ ራሱን ፈሪድ ትከሻ ላይ ጥሎ ነበር፣ የማን ትከሻ እንደሆነ አያይም።

መርማሪው ሲመጣ ፈሪድ ቀደመኝ። "እኔ ነኝ የደፋሁበት" አለ። ባዳቾም "አዎ፣ እሱ ነው" አለ። በእህቱ እጅ ታወረ ከሚባል በሌላ ሰው እጅ ታወረ ቢባል ይሻለዋል። ብቻችንን ስንሆን ፈሪድን ምን ነካህ ብዬ ጮህኩበት። "እኔን ቢያስሩኝ ይፈቱኛል፤ አንቺን ግን ወንድሞችሽ ዕድሜ ልክሽን አይፈቱሽም" አለኝ።

እኔ ነኝ ብል የሚሰማኝ ጠፋ። ሐዘን ነው የሚያናግራት ይላሉ። ሳሚ፣ አንተ እንኳን አስበው፤ ሁለት እጁ የደቀቀ ሰው የሚፈላ ድስት ያነሳል? መንደሩ ሁሉ ይህን ያውቃል፣ አንድም ሰው ግን አልጠየቀም። ሽማግሌዎቹ ለጊፋታ ቂም ይዞ መሻገር ነውር ነው ብለው ጉታራ፣ የእርቅ ሸንጎ፣ ሊቀመጡ ነው፤ አብዱሰመድ ስለ ልጁ ወድቆ ይቅርታ እንዲለምን ወስነዋል። ልጁ እጁን ያጣ አባት! እማ ጉልበቴን ይዛ "ዝም በይ ልጄ፣ ዓይን ጠፍቷል፣ አንቺን ደግሞ አልጣሽ" ትለኛለች። እንባዋ ያቃጥለኛል፣ ግን ዝም አልልም። ጉታራው ሲቀመጥ መሐል ገብቼ ሁለት መዳፌን እዘረጋለሁ። የድስቱ ጆሮ ሁለቱንም ልጦ ታትሞባቸዋል። እስክሪብቶውን የያዝኩት በጣቶቼ ጫፍ ነው፤ ጽሑፌ የተጣመመው ለዚህ ነው።

ፈሪድ የተኛው ዱቦ ሆስፒታል ነው፤ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ በጀሶ ታሽጓል፣ በሩ ላይ ፖሊስ አለ። በየቀኑ በሚኒባስ እሄዳለሁ። እናቱ እትዬ ሲቲ ምግብ አብስላ ታመጣለች፣ እኔ አጎርሰዋለሁ። መጀመሪያ ቀን ፊቷን አዙራብኝ ነበር። ከዚያ ጨርቅ የተጠቀለለ እጄን አይታ ማንኪያውን ተቀበለችኝ፣ ስሜንም ጠየቀችኝ። በማግስቱ እጀታው በጨርቅ የተጠቀለለ ሌላ ማንኪያ አመጣች፣ እኔን እንዳያመኝ። ፈሪድ "የብረት ዕቃው ውስጥ የሚሞላው ጋዝ ቢገኝ ብየዳውን አንቺ ትጨርሺዋለሽ፣ እኔ በአፌ እነግርሻለሁ" ይላል። እጁ ይድናል ወይ ብዬ ሐኪሙን አልጠየቅኩም፣ መልሱን ፈርቼ ነው። ስለ እሱ ሌላ የምጽፍልህ የለኝም።

ያ መሣሪያስ አትለኝም? ሰዎቹ ሁምቦ ተራራ ላይ ተሸክመውት ይዞራሉ አሉ። ሲራመዱ ይነቀነቃል፣ ሲነቀነቅ ይጮኻል፣ በጮኸበት ይቆፍራሉ። ሰው የተከለውን ችግኝ እየነቀሉ ተራራውን በስተውታል። ባዳቾ እቤት በአንድ ዓይኑ ጣሪያ እያየ፣ አገኙ ወይ ብሎ ይጠይቃል።

እንግዲህ ሳሚ፣ የመጣህ እንደሆነ ወደ ዱቦ አትሂድ። ፈሪድ እጁን አንስቶ ፊቱን እንኳን አይከልልም፤ እሱን መምታት ጀግንነት አይደለም። የምትፈልገው ሰው ቤት ነው ያለው፣ ሽንኩርት እየላጠ ይጠብቅሃል። እኔ ነኝ፤ አልሸሽህም። ባዶ እጅህን ከመጣህ ግን የጊፋታን ሥጋ አብረን እንቆርጣለን፤ ዘንድሮ የመጀመሪያውን ቁራጭ በዳጣ ነክሬ ባዳቾን የማጎርሰው እኔ ነኝ። አፉን ከከፈተልኝ እሰየው። ካልከፈተልኝም የሚያየኝ አንድ ዓይን አለው፤ በዚያው ይየኝ።

እግዚአብሔር እግርህንም አፍህንም ይጠብቅልኝ፣ ከክፉ ሰው ቢላ ያድንህ፣ ቢላህንም ከሰው ያርቅልኝ። ሳሮ ሁን፣ ሰላም ሁን፣ የእናቴ ልጅ።

ድስቱን ያነሳችው እህትህ፣
አስካለች