የማትበሰብሰው ሎሚ

ለተወደዱት አባቴ ለቄስ ፈንታ፣

እንደምን ሰነበቱ? ክረምቱ እንደምን አወጣዎት? ጉልበትዎ ቅዳሴ ያስቆምዎታል ወይ? እማዬስ ያ የወገቧ ነገር እንዴት ሆነላት? እኔ ከናንተ ናፍቆትና ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ፊደሌ ከመስመር ቢወጣ ዓይኔ ነው እንጂ እርስዎ ያስተማሩኝን ረስቼው አይደለም።

በላኩልኝ ወረቀት፣ ከሰማይ መርዝ የረጨ ጣሊያን ሎሚን ይምራል ወይ፣ ወንድምሽን እንዳላማውን እናድናለን ብለን እንዳንገድለው ብለው ጠይቀውኛል። እውነትዎን ነው። ወንድሜ ከአርበኞች ጋር በረሃ ከወጣ ጀምሮ ቆሎ ብቻ እየቆረጠመ ድዱ ደማ፣ ጥርሱ ተነቃነቀ ቢሉኝ ነው እኔም ከምሠራበት የጣሊያን ምሽግ ሎሚ መስረቅ የጀመርሁት። ያገሩን ሎሚ ጣሊያን ጠርጎ ወስዶት ከወዴት ላምጣ።

ሎሚው ከዓባይ ቆላ በበቅሎ ይመጣል። በየምሽጉ ለተከበበው ወታደር ሳይሻግት እንዲደርስ፣ የምሽጉ ጣሊያን ሐኪም በሞተር በሚበራ መብራት ሥር ያስደረድረኛል። ብርሃኑ ወይን ጠጅ መልክ አለው፤ ሽታው መብረቅ የወረደበት ቦታ ይመስላል። የኔ ሥራ አንዱ ጎኑ ብርሃን ሲጠግብ ማገላበጥ ነው። አስተርጓሚው ገብረ ኪዳን ሐኪሙን ጠይቆ እንደነገረኝ፣ ብርሃኑ የላይ የላዩን ሻጋታ ይገድላል እንጂ ከልጣጩ አያልፍም። ድድ የሚያድነው የውስጡ ውሃ ነው፣ ኃይሉም በብርሃኑ ቢጎድል ጥቂት ነው አሉ። የጣሊያን ቃል አምኜ ግን አልላክሁላችሁም። አስቀድሜ ሰባት ቀን ሙሉ በየቀኑ ሁለት ሁለት በላሁ፤ ሆዴን እንኳ አልቆረጠኝም።

ፍሬው አይጎዳም፣ አባቴ። የሚጎዳው ብርሃኑ ነው። ሐኪሙ ጥቁር መነጽር አድርጎ ይገባል፤ ለኔ አትይው ከማለት በቀር የሰጠኝ የለም። ሳላይ እንዴት አድርጌ ላገላብጥ? ዓይኔ አሸዋ እንደገባበት ሲቆረቁረኝ ምች መስሎኝ ዳማከሴ እያሸሁ ከረምሁ።

አሁን የሚያስፈራኝ ግን ሌላ ነው። ብርሃን የበዛበት ሎሚ አንድ ጎኑ ጠቃጠቆ ያወጣል። ሐኪሙ ይጣል ስለሚል፣ የተጣለ ማን ይፈልገዋል ብዬ ለናንተ የምልከው እሱን ነበር። ብልጥ የሆንሁ መስሎኝ። ማክሰኞ ዕለት ወታደሮቹ አርበኞች ከለቀቁት ሰፈር የደረቀ ልጣጭ ለቅመው አመጡ። ሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ አስጠራኝ። ጠቃጠቆው ከደጃፉ ይታያል።

የተበላሸውን የት እንደምጥለው በገብረ ኪዳን አፍ ጠየቀኝ። ለበቅሎዎቹ እሰጣለሁ አልሁ። ደግሞ ጠየቀኝ። በድንጋጤ «መርጡለ ማርያምን፣ አንዲት አልወሰድሁም» ብዬ ማልሁ። በሐሰት ለመማሌ ንስሐውን እርስዎ ያውቃሉ። የባሰው ግን ስቀጠር አገሬ አምበር ነው ብዬ ነበር። የአምበር ሰው ሲደነግጥ በመርጡለ ማርያም አይምልም፤ እንዲህ የሚምል የኛ አገር ሰው ነው። ገብረ ኪዳን ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ እኔ ከተናገርሁት የረዘመ ነገር ነገረው። ሐኪሙም ጻፈ። ምን እንዳለው እስከ ዛሬ አላወቅሁም። በማግስቱ ገብረ ኪዳን ብቻዬን አግኝቶ አባትሽ በሕይወት አለ ወይ አለኝ። ሞቷል አልሁት። ይቅር ይበሉኝ።

እማዬ በነሐሴ ከላክሁት አንዷን ሎሚ፣ ክረምቱ አልፎ እንኳ ሳትበሰብስ ቆየች ብላ ከጸበሉ ገንቦ አጠገብ አስቀምጣ ለጎረቤት ታሳያለች ብለውኛል። በረከት አይደለችም፣ አባቴ። ይህ ወረቀት እንደደረሰዎ እሳት ውስጥ ይጣሏት፤ ልጣጭም ካለ እንዲሁ፤ ወረቀቱንም እንዲሁ። እማዬ ብትቆጣ የልጇን አንገት ያስታውሷት። እንዳላማው ከእንግዲህ ሎሚ አይጠብቅ። ጥሬ ጎመንም ድድ ያድናል ሲል ሐኪሙን በዚህ ሳምንት ሰማሁት፤ ጎመን ከጓሯችን መች ጠፍቶ ያውቃል። ቀድሜ ሰምቼው ቢሆን ኖሮ እያልሁ አንጀቴ ያርራል።

እኔ ብጠፋ ጥፋቴን ማመን ይሆንብኛል፤ ስለዚህ ዛሬም ከመብራቱ ሥር ቆሜ ዋልሁ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ። የእንዳላማውን ሚስት ማሬን፣ ያላየሁትን ሕፃኗንም ይሳሙልኝ። ይህን ያደረሰልዎን የጨው ነጋዴውን ውበቱን እህል ውሃ አይንፈጉት፤ ከእንግዲህ በእኔ ደጅ አያልፍም። እርስዎም አይጻፉልኝ። ለጠየቀኝ ሁሉ ሞተዋል ብያለሁና፣ የሞተ ሰው ወረቀት አይልክም።

ልጅዎ የብርጓል ፈንታ
ደብረ ማርቆስ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን ፲፱፻፴፩ ዓ.ም.