ከስምንት ሰዓት በኋላ ስለማይሠራው ሮቦት

ለተከበሩ አቶ አንዋር ጉማቲ
የርቀት ሮቦት ማሠልጠኛ ማዕከል ኃላፊ
ቱኒስ

ክቡር ሆይ፣

እርስዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ያ ነጭ ክንድ ያለው ሮቦትዎ በዚህ ሙቀት እንደምን ሰነበታችሁ? እኛ በቀቢሊ የቴምር ማሸጊያ ፋብሪካ የምንሠራ ሴቶች ስለ ሮቦቱ ዕረፍት ፈጣሪን እያመሰገንን ደህና ነን። ንባብ የለመድኩት ለመጠቅለያ ከሚመጡልን አሮጌ ጋዜጦች ነውና፣ የደብዳቤ ወግ ካጓደልኩ ይለፉኝ።

ፋብሪካችን ቴምር የሚያነሳ የብረት ክንድ ሊያስገባ ነው። የማዕከልዎን የምስክር ወረቀት የያዘች ክንዱን ታንቀሳቅሳለች፤ ያልያዘች ከአዝመራው በፊት ትሰናበታለች። ስለዚህ ማዕከልዎ «ካላችሁበት ሆናችሁ፣ በኢንተርኔት፣ በማንኛውም ሰዓት ሮቦት እያንቀሳቀሳችሁ ሠልጥኑ» ሲል እጅግ ደስ አለን። ምስጋናዬም እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ «ማንኛውም ሰዓት» ማለት እስከ ቀኑ ስምንት ሰዓት ማለት መሆኑን ስላሳወቁን። በሙቀቱ ወራት መሥሪያ ቤት ሁሉ በስምንት ሰዓት እንደሚዘጋ እናውቃለን፤ ሰው ይደክመዋል። ብረትም እንደሚደክመው ግን አናውቅም ነበር። እኛ ከሥራ የምንወጣው በዘጠኝ ነው።

ሁለተኛ፣ የፈተናዬን ቀጠሮ ለአሥር ሰዓት ስላደረጉልኝ። በካሜራው ክንዱን እያየሁ አዝራሩን ብጫን ብጫን፣ ወይ ፍንክች! የማዕከልዎ ጥበቃ ዐም ሸድሊ ብቅ ብለው ክንዱን በአንሶላ ይሸፍኑት ጀመር።

«ኧረ ዐም ሸድሊ፣ ፈተና ላይ ነኝ! ሶኬቱን ይሰኩልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ወደ ካሜራው ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ ሰዓቱ አለፈ እኮ። አለቃ ‹ሁሉን ነቅለህ ውጣ› ብለውኛል። ፍሪጁን እንኳ ነቅያለሁ» አሉኝ።

የሥራ ባልደረባዬ ዱጃ ከኋላዬ ቆማ፣ «በይ ተነሽ፤ ለፍሪጅ ያላዘነ ለአንቺ ሊያዝን ነው?» ብላ ሳቀች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። በዐም ሸድሊም አልፈርድም፤ የታዘዙትን ነው ያደረጉት።

ሦስተኛ፣ ውጤቴን ሳትዘገዩ ስለላካችሁልኝ። «ተፈታኟ አልቀረበችም» ይላል። ቀርቤ የጠበቅኩት እኔ፣ አንሶላ ተከናንቦ የተኛው እሱ፣ ቀሪ የተባልኩት እኔ! በሮቦቱ ላይ ምንም ቀሪ እንዳልተጻፈበት ተስፋ አደርጋለሁ።

አራተኛውን ምስጋና ስልክ ለምታነሳው ልጅ ያድርሱልኝ። ድጋሚ ልፈተን ብላት፣ «እትዬ፣ ከርቀት ለመፈተን ፈቃድ ያስፈልጋል። ለፈቃዱ ደግሞ መታወቂያሽን ይዘሽ በአካል ቱኒስ ነይ» አለችኝ።

«ቱኒስ ድረስ ከመጣሁማ እዚያው ለምን አልፈተንም?»

«አይቻልም። ፈተናው ከርቀት ብቻ ነው።»

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ሶኬቱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሳይነቀል እንዲውል ብቻ ነው። ከዚህ ፋብሪካ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፤ በዚህ ዕድሜዬም አዲስ የሚቀጥረኝ አላገኝም።

የሮቦትዎን እንቅልፍ ለመረበሽ ስለደፈረች አንገቷን የደፋች፣
አክባሪዎ መብሩካ ነፍዛዊ
ቀቢሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ እኔና ገና ያልተፈተኑት ሴቶች መታወቂያችንን ይዘን ሰኞ ማለዳ በአካል እንመጣለን። ፈቃዱን እንደሰጡን ወደ ሮቦቱ በሚያሳልፈው ክፍል ያስቀምጡንና የመሐሉን በር ይዝጉት፤ ከዚያው ሆነን በኢንተርኔት እንፈተናለን። ርቀቱ እንደተጠበቀ ይሆናል፤ ሶኬት ሊነቅል የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ በመካከላችን ማለፍ ይኖርበታል።