ቃሬዛ የማያዞረው መንገድ

እሑድ፣ ግንቦት 18 ቀን 1994

ዘጠኝ ሰው መጣ። አምስት ቢመጣ ብዬ ነበር። ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ቆሜ አንድ በአንድ ለመንኳቸው። እሺ ብሎ የቀረም አለ፣ ሳልለምነው የመጣም አለ።

ሥራው ቁልቁለቱ ላይ መንገድ ማስፋት ነው። ከመንደራችን ወደ መኪና መንገድ የሚያወርድ ሌላ መንገድ የለም። ገበያተኛውም አህያውም በእሱ ነው። መሀል ላይ በአንድ በኩል ዓለት፣ በሌላው በኩል ገደል የሆነ ቦታ አለ፤ መዞሪያው እንለዋለን። አንድ ሰው ያልፋል። ቃሬዛ ግን አይዞርም።

አምና በኅዳር ልጄን ፀዳለን ምጥ ጠንቶባት ወደ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ ሲያወርዷት፣ እዚያ ላይ ቃሬዛው አልዞር አለ። መሬት አስቀመጧት። በጀርባ እንዘላት፣ የለም እንመለስ ሲባባሉ እዚያው አረፈች። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

እህቷ ብርሃን በሰኔ ወሯ ይገባል።

ሰኞ፣ ግንቦት 19። ገብርኤል።

ችግራችን ይህ ነው። በሥራ ቀን ሰው ሁሉ እርሻ ላይ ነው። ሰው የሚገኘው በበዓል ነው፤ በበዓል ደግሞ ሥራ አይነካም። የነፍስ አባቴን ቄስ ተፈራን ጠየቅኳቸው። ብዙ አሰቡ። በበዓል ብረት መሬት አይምታ፣ ድንጋይ በእጅ አንስቶ መካብ ግን ለታመመ ሰው መንገድ መጥረግ ነውና ጽድቅ ነው አሉኝ።

ስለዚህ ዛሬ ዶማ የለም። አሥራ አንድ ሆነን ድንጋይ እየተሸከምን በገደሉ ጫፍ ካብ ጀመርን፤ መንገዱ ወደ ውጭ እንዲሰፋ። የሚመራን መንገሻ ነው፤ በመንደሩ ግንብ የሚያውቅ እሱ ብቻ ነው። ቄስ ተፈራም ልብሳቸውን ሰብስበው ተሸከሙ። መንገሻ በአገራችን ቋንቋ በኽምጥኛ፣ አባታችን ትንንሹን ድንጋይ እየመረጡ ነው ብሎ ቀለደባቸው። እሳቸውም ትልቅ ኃጢአት ያለበት ትልቁን ይሸከም አሉት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እዚያ ቦታ ላይ መሳቄን ያወቅኩት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 20

የሥራ ቀን። እኔና የብርሃን ባል ኪሮስ ብቻ ነን። እሱ በዶማ ቆፈረ፣ እኔ አፈሩን እያጋዝኩ ከካቡ ጀርባ ሞላሁ። እርሻህ ይጠብቅሃል፣ ሂድ ስለው እምቢ አለ።

ብርሃን ውሃ ይዛልን ወረደች። ከመዞሪያው በላይ ቆመች እንጂ አልቀረበችም።

«እማ፣ ይህን መንገድ የምትሠሪው ለእኔ ነው ወይስ ለፀዳለ?» አለችኝ።

ድንጋይ አነሳሁ። ኪሮስ ሰምቷል፣ ቀና ግን አላለም። ብርሃን ከቀብሩ ወዲህ የእህቷን ስም ስትጠራ የሰማሁት ዛሬ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 21። ማርያም።

ካቡ አለቀ። አሁን ሁለት ሰው ጎን ለጎን ያስኬዳል። እንሞክረው ብለን ቃሬዛ አመጣን፤ አፈር የሞላ ጆንያ ጫንበት። አራቱ ተሸካሚዎች መዞሪያው ላይ ሲደርሱ አጋደሉትና አለፉ። ሰው ደስ አለው። መንገሻ ብቻ ፊቱ አልተፈታም። ምጥ የያዛትንስ ሴት እንዲህ አጋድለን ልናሳልፋት ነው ወይ አለ።

ሰው መተኛት አለበት ማለት ነው። ጤነኛ ደግሞ ቃሬዛ ላይ አይተኛም፤ ሞትን መጥራት ነው። አንዱ ጫማውን ማሰር ጀመረ። ሄጄ ተኛሁ።

«እትየ ለምለም፣ ይቅርብዎ» አለ መንገሻ።

«ሞት ቤቴን ያውቀዋል። በቃሬዛ አልጠራውም» አልኩት።

አነሱኝ። ተኝቶ የሚሄድ ሰው መሬት አያይም። ትንሽ ሰማይ ነው የሚታየው፣ ከዚያ ዓለቱ። መዞሪያው ላይ የቃሬዛው እንጨት ዓለቱን መታ፤ በገደሉ በኩል ያለው ልጅ እግሩ ተንሸራተተ። አውርዱኝ አልኩ። ካወረዱኝም በኋላ ትንሽ ተኝቼ ቆየሁ። ዓለቱ ጥቁር ነው፣ መሀሉ ላይ ነጭ መስመር አለው። ፀዳለ መጨረሻ ያየችው ይህንን ነው።

ተነሥቼ ለመንገሻ በእጄ አሳየሁት። በትከሻ ልክ ዓለቱ ወደ መንገዱ አብጧል። የሚከለክለን እሱ ነው። እኛ ሁላችን እግራችን ሥር ያለውን መሬት ስናይ ከረምን።

ዓርብ፣ ግንቦት 23። ጊዮርጊስ።

ትናንት መንገሻና ኪሮስ እርሻቸውን ትተው ዓለቱን በመዶሻ ሲመቱት ዋሉ። አልበገር አለ። የመንገሻ አባት ዓለት በእሳት አግሎ ውሃ ያፈስበት ነበር። ዛሬ እንደዚያ እናድርግ ሲል ሰው ሁሉ ወደ ቄስ ተፈራ ዞረ።

እሳቸውም የከለከልኩት ብረት ነው፣ እሳትማ እናቶችም በበዓል ያነዳሉ፣ ወጥ አይሠሩም ወይ አሉ። እንግዲያው ዓለት ወጥ እንሠራለን አለ መንገሻ።

ድንጋይ ደርድረን እስከ እብጠቱ ድረስ እንጨት ከመርንበት። ሴቶቹ ውሃ በጀሪካን አመላለስን። ጭሱ ዓይናችንን አጠፋው። ከቀትር በኋላ መንገሻ ውሃውን ሲደፋበት ዓለቱ እንደ ጥይት ጮኸ፣ በግ የሚያህል ቁራጭ ወደቀ። ኪሮስ ከታች ሰው አለመኖሩን ተጣርቶ ወደ ገደሉ ገፋው። እስኪያርፍ ድረስ ሁላችን ሰማነው።

እሑድ፣ ግንቦት 25

ስብርባሪውን ጠረግን። ዳግመኛ ልተኛና ይሞከር አልኩ። ቄስ ተፈራ ተቆጡኝ። የፊተኛውን አይቼ እንዳላየሁ አለፍኩሽ፣ ሁለተኛው ግን እግዜርን መፈታተን ነው አሉኝ። እሺ አልኩ።

መንገሻ በእንጨት ለካው። ያልፋል ወይ አልኩት። ያልፋል፣ እግዜር ካለ አለኝ። የጨመራትን ቃል አልወደድኳትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 4። ሰቆጣ።

ጤና ጣቢያው በር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ብርሃን ውስጥ ናት። ምጡ የያዛት ጎሕ ሲቀድ ነው። ስምንት ሰው ወዲያው ተገኘ፤ አራቱ ይሸከማሉ፣ አራቱ ይቀይራሉ። እኔ ከኋላ ነበርኩ። መዞሪያው ላይ ዓይኔን ለመጨፈን ወስኜ ነበር።

መንገሻና ጎረቤቱ ከፊት ተሸክመው ስለ አንድ በሬ ይከራከራሉ። መንገሻ ዘንድሮ አያርስም፣ እግሩ ተበላሽቷል ይላል። ጎረቤቱ እግሩ ሳይሆን ባለቤቱ ሰነፍ ነው ይላል። ባለቤቱ ኪሮስ ነው፤ እሱ ቃሬዛውን ከኋላ ይዟል። ብርሃን ከላይ ሆና «በሬውን ተዉትና ቀስ በሉ» አለቻቸው። ቀስ አሉ እንጂ ክርክሩን አልተዉም።

እንደዚያ ሲባባሉ መዞሪያውን አለፉት። ማንም አልቆመም፣ ማንም ወደ ዓለቱ አላየም። ዓይኔንም አልጨፈንኩም። በእንጨቱና በዓለቱ መካከል አንድ ስንዝር ያህል ክፍት ነበር። ከዚያ በኋላ ትንሽ ወደ ኋላ ቀረሁ። ከታች የመንገሻን ድምፅ እሰማለሁ፤ አሁንም በሬው ነው።

ነርሷ ሁለት ጊዜ ወጥታ ገና ነው አለችኝ። ገና ይሁን። ፀዳለ እዚህ አልደረሰችም ነበር።