ሁለቱ ጠርሙሶች

ሐይቅ፣ ማክሰኞ፣ ኅዳር 10

ልጄ ሐዋ ዛሬ ከአዲስ አበባ ደወለች። አገር ውስጥ የሚበር አንድ ትንሽ አየር መንገድ በአብራሪነት ሊቀጥራት ነው፤ የቀረው የሐኪሙ ፊርማ ብቻ ነው። ግራ ጆሮሽ በደንብ አይሰማም ብሏታል። የልጅነት ጉዳት ከሆነ ያሳልፋታል፤ ምክንያቱ ካልታወቀ ግን አይፈርምም።

«እማ፣ ልጅ ሆኜ ጆሮዬን ምን ነክቶኝ ነበር?»

«ወላሂ አላስታውስም።»

«አንቺ? የሰፈሩን ሰርግ ሁሉ በቀኑ የምትቆጥሪው?» ብላ ሳቀች። ቆይታ፣ «በቃ፣ ትኬት ቆራጭ እሆናለኋ» አለች።

በአላህ ስም ዋሸሁ። ልጅ ሳለች ጆሮዋን ሲያማት አባቷ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ከውጫሌ ሁለት ጠርሙስ መድኃኒት ገዝቶ መጣ፤ አንዱ ለጆሮዋ፣ አንዱ ለላሟ ቁስል። ማንበብ አልችልም ነበር። የላሟን መድኃኒት በልጄ ጆሮ ውስጥ ጨመርኩት። አባቷ ይህን ሳያውቅ ሞተ።

ሰው «ራሷን ፊደል አስተማረች» እያለ ያደንቀኛል። የተማርኩት ከዚያች ጠርሙስ ነው። በዕድሜዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት «ለከብት ብቻ» የሚለውን ነው።

ሐኪሙ እስከ ሐሙስ ይጠብቃታል። እኔ እውነቱን ለደብተር እናገራለሁ።