ሳተላይቷ ከሣጥኗ የወጣች ዕለት

አንተ ቀልደኛ ጓደኛዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ፖስት ካርዷ ጠባብ ስለሆነች አንድ ነገር ብቻ ልንገርህ።

ስምንት ዓመት የለፋንባት የዝናብ ደመና የምታጠና ሳተላይት ትናንት ማምጠቂያው ጣቢያ በደህና ደረሰች። ከራስ እስከ እግራችን ነጭ ለብሰን፣ አቧራ በማይገባበት አዳራሽ ውስጥ ሣጥኗን ከፈትን። የእናቴን ቁም ሣጥን ስናወርድ «ያዝ! ልቀቅ!» እያልን ሰፈሩን እንዳቀለጥነው እንዳይመስልህ፤ እዚህ ትንኝ ብትበር ይሰማል።

ክሬኑን የያዙት ጡረታቸው የተቃረበ ሴት ናቸው፤ ሁላችንም «እትዬ» ነው የምንላቸው። ሳተላይቷን ማንሳት እንደጀመሩ ድንገት አቆሙ።

«ምነው? ይቀጥሉ እንጂ» አላቸው አለቃችን።

«አልቀጥልም። ሚዛኑ ላይ ከክብደቷ በላይ ከብዳለች፤ የሆነ ቦታ ተይዛለች።»

በባትሪ ብንፈልግ፣ ከሣጥኑ ወለል ጋር የሚያስራት አንድ ብሎን ሳይፈታ ቀርቷል። መፍታት የነበረብኝ ደግሞ እኔ ነበርኩ! ትንሽ ሳብ ቢያደርጓት ኖሮ የስንቱ ሰው ልፋት ገደል ይገባ ነበር። ወዲያው ጎንበስ ብዬ ፈታሁት። እሳቸውም እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርገው አንስተው መቆሚያዋ ላይ አሳረፏት።

ይቅርታ ልጠይቅ ስጠጋቸው፣ «አይዞህ ልጄ፣ ብዙ ሆነን የምንሠራው ለዚህ አይደል?» አሉኝ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም።

ቦታ አለቀብኝ፤ ፊደሌን አጠጋግቼ ልጨርስ። እናቴን ጉንጯን ሳምልኝ፤ ባለቤትህንና መንትዮቹን ሰላም በልልኝ። ሳተላይቷ የምትመጥቀው በሚቀጥለው ወር ነው። እትዬ ከጎኔ ቆመው እንዲያዩ ለመንኳቸው፤ እሺ ብለውኛል።