ደረጃው ላይ ያልነበረችው ወፍ

ሰኞ፣ ኦክቶበር 6

ዶሮዎቹን አበላሁ። ከብርቱካኑ ሥር የወደቀውን ለቀምኩ። ቂጣው አረረብኝ፤ በላሁት። ማን አየኝ?

ኔልቢ መጣች፣ የሟች ሚስቴ እህት። ገና ከበር ላይ "ፉልሄንሲዮ፣ ኦዲሊያ እኮ ከሞተች ሦስት ዓመት ሞላት።" የማላውቅ መሰላት? እንደ መንደራችን ልማድ በወሩ መጨረሻ ከመቃብር ትወጣለች፣ አጥንቷ ይጠረጋል፣ በአዲስ ጥልፍ ጨርቅ ሳጥኗ ውስጥ ትተኛለች።

"ጨርቁን ማን ይጠልፋል?"

"እኔ።"

"አንተ? ሴት ልጅ እያለህ?"

ልጅ የለኝም አልኳት። ዶሮ ልዝጋ ብዬ ተነሳሁ... በጠራራ ፀሐይ!

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 8

ጽጌረዳ መጥለፍ ጀመርኩ። ጣቴን አራት ጊዜ ወጋሁ።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 10

ጽጌረዳው ሸርጣን ሆነ። ኔልቢ አየችና "እግሩ ስንት ነው?" አለች። አባረርኳት።

እሑድ፣ ኦክቶበር 12

ልጻፈው፤ ማንም አያነበው።

ልጄ ሊጊያ ኤድዝና በሚባለው የጥንት ከተማ ፍርስራሽ ላይ አስጎብኚ ናት። እናቷ የሞተች ቀንም እዚያው ነበረች፣ ከፈረንጆች ጋር። ቀብሩ ላይ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ድንጋይ ልታሳዪ እናትሽን ጣልሽ" አልኳት። ከዚያ ወዲህ ተነጋግረን አናውቅም።

ኦዲሊያ ግን ልትሞት ስትል ምን አለች? "ሊጊያ ዛሬ ስንት ሰው ይዛ ይሆን?" ፈገግ ብላ። ኮርታባት ነው። ይህን ቃል ለልጅቷ አልነገርኳትም። ልቅጣት ብዬ ሦስት ዓመት ሙሉ ደበቅሁት... ማንን ነው የቀጣሁት?

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 16

ሄድኩ።

በአውቶቡስ አንድ ሰዓት። ፍርስራሹ ዕድሜዬን ሙሉ አፍንጫዬ ሥር ነበር፤ ረግጬው አላውቅም። ድንጋይ ምን ያበላል? እል ነበር።

ትኬት የምትቆርጠዋ "አባት፣ የአዛውንት መታወቂያ ካለዎት በነጻ ነው" አለች።

"አዛውንት ማነው?" ከፈልኩ።

ሊጊያን ስምንት ፈረንጆች ከበዋት ቆመዋል። ስታየኝ አመድ መሰለች። ከዚያ እንደማታውቀኝ ሁሉ፣ "ለጉብኝት ነው የመጡት?"

"ታዲያ ለምን ይመስልሻል?"

"እንግዲያው ከኋላ ይከተሉ።"

ተከተልኩ። ይህን ያህል ትልቅ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው የለም! ውሃውን በቦይ እንዴት እንዳመጡት ታወራለች፣ ድንጋዩን እንዴት እንደተሸከሙት። "አያቶቼ" ትላለች። የእኔም አይደሉ? ፈረንጆቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰማሉ። እኔም ከፍቼ ኖሯል።

የትልቁ ሕንፃ ደረጃ ግን... ገና ከመጀመሬ ትንፋሽ አጠረኝ። ብሞት ቁሙልኝ አልልም። ያን ጊዜ ሊጊያ ቀጥ አለች። "ቶህ ወፍ! ያቻትና፣ ሰማያዊዋ!" ሁሉም ቆመው አንጋጠጡ። ተነፈስኩ።

ትንሽ ወጣን፣ ሌላ ወፍ። ደግሞ ሌላ። ፀሐይ ያቀላው አንድ ሽማግሌ "የት ነች? አላየኋትም" አለ።

"በረረች" አለችው።

ወፍ አልነበረችም። ዓይኔ ገና ደህና ነው።

ኦዲሊያም እንዲሁ ነበረች። እንጨት ተሸክመን ከማሳ ስንመለስ መድከሜን ካየች "ቆይ፣ ጫማዬ ተፈታ" ትላለች። ጫማዋ ማሰሪያ አልነበረውም። አርባ ዓመት ሙሉ!

ላይ ስንደርስ ፈረንጆቹ ፎቶ ሊያነሱ ተበተኑ። ጨርቁን ከኪሴ አወጣሁ። ይቅርታ ልል ነበር፤ አፌ እምቢ አለ። "እናትሽ የመጨረሻዋ ቀን ስላንቺ ጠይቃ ነበር" አልኩ። ነገርኳት። ፈገግታዋንም ጭምር።

ዞራ ጫካውን አየች።

"ሦስት ዓመት፣ አባባ?"

"ሦስት ዓመት። ጥፋቱ የኔ ነው።" ከአፌ ወጣ!

ጨርቁን ከእጄ ወስዳ ዘረጋችው። "ይሄ ምንድን ነው? ሸርጣን?"

"ጽጌረዳ ነው።"

ሳቀች። እያለቀሰች ሳቀች። አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። "ሲወርዱ ግድግዳውን ይያዙ" አለችኝ።

ያዝኩ።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 30

ኦዲሊያን አወጣናት። እኔ በብሩሽ፣ ሊጊያ በእራፊ፣ አጥንቷን አንድ በአንድ ጠረግን። "እማዬ፣ ሞቀሽ? አቧራ በላሽ አይደል?" እያለች ታወራታለች። ጨርቁ በሊጊያ መርፌ ዳር እስከ ዳር አበባ ሆኗል፣ አበባ የሚመስል አበባ። መሃሉ ላይ ግን ሸርጣኔ እንዳለ አለ።

"ይሄንን ምነው ሳትፈቺው ቀረሽ?" አለች ኔልቢ።

"እማዬ ማን እንደጠለፈው ትወቅ።"

የራስ ቅሏን በመጨረሻ አስቀመጥነው። ያን ጊዜ የሊጊያ ዓይን እንባ ሞላ። ጎረቤት ሁሉ ቆሞ ያያል። እሷም እንደ እኔው ናት፤ ሰው ፊት ማልቀስ ሞቷ ነው።

"ቶህ ወፍ!" አልኩ ጮክ ብዬ። "ያቻትና፣ ግንቡ ላይ!"

ሁሉም ዞሮ አንጋጠጠ። ሊጊያ ፊቷን ጠረገች።

"የታለች?" አለች ኔልቢ።

"በረረች" አልኳት።