ሊጎቹ ሲቀያየሩ መሪ የያዙት ወ/ሮ እታለማሁ ሞገስ (ከ1958 እስከ 2018 ዓ.ም.)

ወ/ሮ እታለማሁ ሞገስ ከአባታቸው ከአቶ ሞገስ ወልደሰንበትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ትርፌ ደስታ በሰኔ ወር 1958 ዓ.ም. በሻሸመኔ ከተማ፣ አውቶቡስ ተራው አጠገብ በነበረ ቤት ተወለዱ። አባታቸው የአገር አቋራጭ አውቶቡሶች መካኒክ ነበሩ። እናታቸው “ይቺ ልጅ አፏን ሳትፈታ የሞተር ድምፅ ትለይ ነበር” ይሉ ነበር። ይህ የእናት ወግ ሊሆን ይችላል። በዐሥራ ሁለት ዓመታቸው ከአባታቸው ጋር ጎማ ሲፈቱ ያዩ ሰዎች ግን ዛሬም በሕይወት አሉ።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በሻሸመኔ ጨርሰው በ1976 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሄዱ። በጽሕፈት ሥራ ሠልጥነው በአንድ የአውቶቡስ ድርጅት ውስጥ በትኬት ሽያጭ ለበርካታ ዓመታት አገለገሉ። ጌታን የግል አዳኛቸው አድርገው የተቀበሉትም በእነዚያ ዓመታት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1994 ታላቅ ወንድማቸው አቶ ኃይሉ ሞገስ ወደ ዳላስ አስመጧቸው። በ1997 (ከዚህ ወዲህ ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለ በቀር እ.ኤ.አ. ናቸው) ከሆስፒታል ረዳት ነርሱ ከአቶ እንድሪያስ ጋር ጋብቻቸውን ፈጽመው ዳላስ አጠገብ ባለችው ዩለስ ከተማ ተቀመጡ። ወንድ ልጃቸውን ሲላስን በ1999፣ ሴት ልጃቸውን ጸጋን በ2005 ወለዱ።

ሥራ የጀመሩት በዳላስ ኤርፖርት ዙሪያ ሸትል፣ ማለትም የሠራተኞች ማመላለሻ በመንዳት ነው። የትልቅ ተሽከርካሪ ላይሰንስ ፈተና ሁለት ጊዜ ወድቀዋል፤ ሁለቱንም ጊዜ አውቶቡሱን ወደ ኋላ ባክ ሲያደርጉ። በሦስተኛው ፈተና አውቶቡሱ ወደ ኋላ እየሄደ መስመሩ ውስጥ ግማሽ ድረስ እንደገባ ፈታኙ “ይበቃል፣ አልፈሻል” ሲላቸው “ጀምሬዋለሁ፣ ልጨርሰው” ብለው መስመሩ ውስጥ ቀጥ አድርገው አቆሙት። በ2006 በፋርመርስ ብራንች ከተማ ያለ አንድ የኪራይ አውቶቡስ ድርጅት ቀጠራቸው። ድርጅቱም የአካባቢውን አንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ቡድኖች እንዲያመላልሱ መደባቸው። የዩኒቨርሲቲውን ስም እሳቸው በአደባባይ ጠርተውት ስለማያውቁ ቤተሰቡም እዚህ ላይ አይጠራውም።

መጀመሪያ ላይ አሠልጣኞቹ አልወደዷቸውም ነበር። አጭር ሴት፣ ንግግራቸው የውጭ ሰው፤ ሌላ ሾፌር ይላክልን ብለው ጠይቀውም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ወደ ላበክ ከተማ ሲሄዱ በረዶ የያዘ ማዕበል መጣ። ወ/ሮ እታለማሁ ከአውራ ጎዳናው ወጥተው አንድ ነዳጅ ማደያ ጣሪያ ሥር አቆሙ። አሠልጣኙ ጨዋታ ሊያልፈን ነው ብሎ ቢጮህ “ጨዋታው ይጠብቃል፣ በረዶው ግን አይጠብቅም” ብለው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት። ከአንድ ሰዓት በኋላ መንገዱን ሲቀጥሉ መስታወታቸው የረገፈ መኪናዎች ዳር ዳሩን ቆመው አገኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቡድኖቹ ሾፌር ሲጠይቁ በስም ነበር፤ “ሚስ ኢታ ትምጣልን” እያሉ።

የኮሌጅ ስፖርት በዚህ አገር ኮንፈረንስ በሚባሉ ሊጎች የተከፋፈለ ነው። በእሳቸው የሥራ ዘመን እነዚህ ሊጎች ተናወጡ። በሐምሌ 2021 የቴክሳስና የኦክላሆማ ዩኒቨርሲቲዎች የቆዩበትን ሊግ ትተው ሊሄዱ መሆኑ ሲሰማ፣ እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ፓርኪንግ ወንዶቹ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም። ቀጥሎ ማን ይሄዳል? የዳላሱስ? የፎርት ወርዙስ? ወንድማቸው አቶ ኃይሉ ክርክሩ ሲከርርባቸው “እስቲ እቴን እንጠይቃት! አለቆቹን በየሳምንቱ የምትጭነው እሷ ናት” ይሉ ነበር። እሳቸውም እየሳቁ “እኔ የማውቀው ከአውራ ጎዳናው በየትኛው ኤግዚት እንደምወጣ ነው” ብለው ወደ መኪናቸው ይሄዳሉ። ብዙ ያውቁ ነበር። ነገር ግን አውቶቡስ ውስጥ የሰሙት አውቶቡስ ውስጥ ይቀራል፤ የድርጅቱም ደንብ፣ የራሳቸውም ቃል ይኸው ነበር።

ይህ ቃል በኅዳር 2022 ተፈተነ።

ጸጋ ያኔ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን ልትጨርስ ነበር። ከዘጠኝ ዓመቷ ጀምራ ቴኒስ የተጫወተች ልጅ ናት፤ ያ እናቷ ቡድኖቹን የሚያመላልሱለት ዩኒቨርሲቲም የስኮላርሺፕ ዕድል ሰጥቷት ረቡዕ ልትፈርም ቀጠሮ ነበራት። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወ/ሮ እታለማሁ የሴቶቹን የቮሊቦል ቡድን ከአርካንሳስ እየመለሱ ሳለ ከኋላቸው የተቀመጡት ሁለት ኃላፊዎች ሲነጋገሩ ሰሙ። ዩኒቨርሲቲው ሊጉን ሊቀይር ነው። አዲሶቹ ተጋጣሚዎች በአውሮፕላን ካልሆነ የማይደረስባቸው ናቸው። ያንን ለመቻል ደግሞ ትንንሾቹ ቡድኖች ይዘጋሉ፤ መጀመሪያ ቴኒስ።

ቡድኑን ግን በሰዓቱ አደረሱ።

እሑድ ምሳ ላይ አቶ እንድሪያስ ፊታቸውን አይተው ጠየቋቸው። “የሰማሁት ነገር አለ። ምን እንደሆነ አትጠይቀኝ። ጸጋን የሚነካ ነው” አሉ ወ/ሮ እታለማሁ።

“ልጅሽ ናት እኮ! ንገሪያታ!” አሉ አቶ እንድሪያስ።

“ሌሎች ሁለት ልጆች አብረዋት ይፈርማሉ። የእኔን ልጅ ጎትቼ አውጥቼ የሰው ልጅ ገደል ስትገባ ልይ?”

ሰኞ ጠዋት የሥራ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ቀጠሮ ሳይዙ፣ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ክፍል ኃላፊ ቢሮ ገቡ። ያን ቀን የተባባሉትን ኃላፊው ራሳቸው ባለፈው መስከረም ታመው ሳሉ ሊጠይቋቸው ሲመጡ አልጋቸው አጠገብ ተቀምጠው ለቤተሰቡ አውርተዋል።

“የሰማሁትን ለማንም አልተናገርኩም፤ ለልጄም ቢሆን” አሏቸው ወ/ሮ እታለማሁ። “እርስዎ ግን ከረቡዕ በፊት ለሦስቱም ልጆች ይነግሯቸዋል።”

ኃላፊው “በዚህ ምክንያት ሥራዎን ሊያጡ እንደሚችሉ ያውቃሉ?” አሉ።

“አውቃለሁ። እኔ ሌላ አውቶቡስ አላጣም። እነሱ ግን እነዚህን አራት ዓመታት ደግመው አያገኟቸውም።”

ማክሰኞ ኃላፊው ሦስቱንም ቤተሰቦች በስልክ ኮል አደረጉ። የሊጉ ጉዳይ ገና በይፋ ስላልወጣ ስሙን አላነሡም፤ የቴኒስ ቡድኑ ከሁለት ዓመት በላይ መቆየቱን ማረጋገጥ እንደማይችሉ ግን በግልጽ ተናገሩ። ቡድኑ ቢዘጋም ስኮላርሺፑ እስከ ምረቃ እንደሚቀጥል የሚገልጽ ደብዳቤ እንደሚጽፉም ቃል ገቡ፤ ደብዳቤውም በማግሥቱ ደረሰ። ከሦስቱ ልጆች አንዷ ሌላ ትምህርት ቤት መረጠች። ሁለቱ ፈረሙ፤ አንዷ ጸጋ ነበረች።

ጸጋ ግን እናቷ ቀድመው ያውቁ እንደነበር ስትሰማ ወዲያው አልተረዳቻቸውም። “ማሚ፣ ዩ ኒው? አንቺ እያወቅሽ?” አለቻቸው። “አውቅ ነበር” አሉ፤ ሌላ ምክንያት አልደረደሩም። ልጅቱ እስከ ምስጋና በዓል፣ እስከ ታንክስጊቪንግ ድረስ ከ“ኦኬ” ያለፈ መልስ አልሰጠቻቸውም። እሳቸው በየጠዋቱ ቁርሷን እያስቀመጡላት ጠበቁ። በበዓሉ ቀን ጸጋ ከኋላቸው መጥታ አቀፈቻቸው፤ ይቅርታ የተጠያየቁት ያኔ ነው።

ወ/ሮ እታለማሁን ማንም ከሥራ አላሰናበታቸውም። የሊጉ ዝውውር በቀጣዩ ዓመት ይፋ ሆነ፤ በሐምሌ 2024 ዩኒቨርሲቲው አዲሱን ሊግ ተቀላቀለ። የረጅም መንገድ ጉዞው በአብዛኛው ወደ አውሮፕላን ስለዞረ ብዙ ሾፌሮች ተጨንቀው ነበር። እሳቸው ግን “ቡድኖቹ ወደ ኤርፖርት በእግራቸው አይሄዱም” ብለው፣ ሠላሳ ዓመት የኖሩበትን የኤርፖርት መንገድ ለወጣቶቹ ሾፌሮች ተርሚናል በተርሚናል አስተማሩ።

የቴኒስ ቡድኑ በሚያዝያ 2025 ተዘጋ። የመጨረሻውን ጉዞ ከኦክላሆማ የመለሱት ወ/ሮ እታለማሁ ናቸው። ልጆቹ ሲያለቅሱ በመስታወት አዩ፤ ጸጋም መሐላቸው ነበረች። ካምፓስ ደርሰው አውቶቡሱን ፓርክ ካደረጉ በኋላ፣ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ነክተውት የማያውቁትን ማይክሮፎን አነሡ። “ደረጃው ከፍ ይላል፣ ቀስ ብላችሁ ውረዱ። አንገታችሁን ግን እንዳትደፉ፤ እናንተ አልተሸነፋችሁም” አሉና በሩን ከፈቱላቸው። ስኮላርሺፑ በተባለው መሠረት ቀጥሏል። ጸጋ ዛሬ የሦስተኛ ዓመት የሲቪል ምሕንድስና ተማሪ ናት።

በነሐሴ 2025 ሐኪሞች የጉበት ካንሰር አገኙባቸው። ወ/ሮ እታለማሁ ሕመማቸውን አልደበቁም፤ ለሰው ሁሉ የሕመሙን ስም እየጠሩ ነገሩ። ሕክምናውን ያለማቋረጥ ተከታተሉ፤ አቅም ባገኙ ቁጥርም በቤተ ክርስቲያን ከመዘምራኑ ኋላ ባለው ወንበራቸው ላይ ተገኙ። በጥር መጀመሪያ ጸጋ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ደግሞ ሊግ ሊቀይሩ ነው የሚል ወሬ ከስልኳ ስታነብላቸው “እነሱ ይጨነቁበት፤ አንቺ ትምህርትሽን አጥኚ” አሏት። ደጋግመው ያዳምጡት የነበረው መዝሙር እየተዘመረ፣ ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው እጃቸውን እንደያዙ፣ ጥር 11 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 19 ቀን 2026) በተወለዱ በ59 ዓመታቸው በዩለስ መኖሪያ ቤታቸው ወደ ጌታ ተሰበሰቡ።

በሾፌርነት ዘመናቸው ሁሉ ተሳፋሪ አልተጎዳባቸውም። ባለቤታቸውን አቶ እንድሪያስን፣ ልጆቻቸውን ሲላስንና ጸጋን፣ ወንድማቸውን አቶ ኃይሉ ሞገስን፣ በሻሸመኔና በአዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከየከተማው መጥተው በዚህ አዳራሽ የኋላ ወንበሮች ላይ የተቀመጡትን፣ እናታችን ብለው ይጠሯቸው የነበሩትን ተጫዋቾች ትተው ሄደዋል።

እውነትን በጊዜዋ መናገር ያስተማሩን እኚህ እናት አምነውት የኖሩትን ጌታ ዛሬ ፊት ለፊት እያዩት ነው፤ በዚህ አንጠራጠርም። ነፍሳቸውን በሰላሙ ያሳርፍልን፤ ለእኛም እውነቱን ለመናገር የሚያስችል ልብ ይስጠን። አሜን።